በደምለው ኪስ የተገኙት ግማሾች

ደምለው ሞቶ የተገኘው ሽንፋ አጠገብ ካለ የሰሊጥ እርሻ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር፣ ጉልበቱን እንዳቀፈ ነው። ጊዜው የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነበር። ሙቀቱ ጥላ ራሱ ሌላ ጥላ ፍለጋ ተነሥቶ የሚሄድበት ነው፤ የአንድ ግራር ጥላማ ሱዳን ተሻግሮ እዚያው ቀረ ይባላል።

ማንም አላለቀሰም። ሰሊጡ ሊረግፍ ስለሆነ ቆራጮቹ ሬሳውን አልፈው ሥራ ገቡ። ረፋዱ ላይ ግን ወሬው ተነሣ፤ «አይናለም ናት የመረዘችው።»

አይናለም የሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ ናት። እዚያ እርሻ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ዝንብ ወጡ ውስጥ ብትወድቅ እንኳ ክንፏን ለሁለት የሚካፈሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ግን ለደምለው ሰሞኑን ለብቻው አጥሚት ስታፈላለት ከርማለች። ለብቻው የበላ ሰው ሞተ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሚሊሻው እጇን አስሮ ትራክተሩ ሥር አስቀመጣት።

ከመተማ ኢንስፔክተር ሀብትነሽ መጣች። ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ውስጥ አንዲት የኑግ ፍሬ ታያለች የሚሏት ሴት ናት።

«ይዘዋት ይሂዱ፣ ኢንስፔክተር» አለ የእርሻው ባለቤት ዋኘው፣ ጀላቢያውን ሰብስቦ። «አለዚያ ሠራተኞቹ ይገድሏታል። ሰሊጤም ይረግፋል።»

«ሟቹ ታሞ ነበር?»

«እኔ በሽተኛ አላሠራም። ያመመው ወዲያው ወደ አገሩ ነው።»

ወደ አይናለም ሄደች። «አጥሚቱን ለምን ለብቻው?»

«አፉ ውስጡ ነጭ ቁስል ሆኖ፣ እትዬ። እንጀራ አልዋጥ አለው። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።»

«ቀምሰሽዋል?»

«ድስቱን ጠርጌ የምጠጣው እኔ ነኝ። ይህን ብናገር ጋሼ ዋኘው ‹ማርከሻ ወስደሽ ነው› አሉኝ።»

ሀብትነሽ ሬሳውን ገለጠች። እንደ ድርቆሽ ከስቷል፤ ግራ ጎኑ ግን ከጎድኑ በታች አብጧል። ኪሱ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን አገኘች። ሁሉም ግማሽ ነው፣ በምላጭ የተቆረጠ። ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥታ ለሐኪም ደወለች፤ የክኒኑን መልክና ጽሕፈት ነግራ ብዙ ጠየቀችው።

የሟቹ የዳስ ጓደኛ ስንሻው ነው፤ ከጎጃም አብረው ነው የወረዱት።

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አንዴ። ውኃ ስንካፈል አንዲት ጠብታ ተረፈች። አንተ ጠጣ፣ አንተ ጠጣ ስንባባል ደረቀች።»

ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ፣ ሳያስበው ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ዘረጋላት። ከብስኩቱ ጋር አንድ የፌስታል ቋጠሮ ብቅ አለ፤ ቶሎ መልሶ ከተተው። ሀብትነሽ ቋጠሮውን አይታለች፤ ብስኩቱን ተቀብላ በላች።

ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም። አይናለም ከዚያው ድስት ጠጥታ ቆማለች። የደምለው ጎን ያበጠው ጣፊያን በሚያሳብጥ በካላዛር በሽታ ነው። ጥቁሩ ዋልካ መሬት ላይ፣ ግራር ሥር ስታድሩ የምትነክሳችሁ ትንሿ ዝንብ ናት ያመጣችበት።»

«እኛንም ነክሳናለች» አለ አንዱ ቆራጭ። «እሱን ብቻ ለምን?»

«ኤችአይቪ ነበረበት።»

ቆራጮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እሷ ቀጠለች።

«ቫይረሱ የሰውነትን ወታደሮች ይገድላል፤ ይህን በሬዲዮ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ሌላ ነው። ሰውነት ለሞቱት ምትክ ያበቅላል፤ በአጥንት መቅኔ ያፈልቃቸዋል፣ ደረት ውስጥ ከልብ በላይ ያሠለጥናቸዋል። ቫይረሱ ይህን መፈልፈያም ያበላሻል። የሞተው አይተካም፣ የተተካውም ለጋ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያስተኛው መፈልፈያው ቀስ ብሎ ያገግማል። ግማሽ መድኃኒት ግን አያስተኛውም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል እንጂ። ደምለው ግማሽ ግማሽ ነበር የሚውጠው።»

«ሌላው ግማሽስ?» አለ ዋኘው።

«ሰው ወስዶታል። ስሙን አልጠራም።»

«እንግዲያው ተረት ነው! ሴትዮዋን ይውሰዷት!»

ቆራጮቹ ማጭዳቸውን ይዘው ተነሡ። አይናለም መሬት መሬት ታያለች። ስንሻው አያት።

«እኔ ነኝ» አለ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። «እኔም አለብኝ። ጤና ጣቢያ ስገባ ሰው ቢያየኝ ጋሼ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ደምለው ‹እኔ እያለሁ?› አለና በምላጭ ከፈለው።»

ቋጠሮውን ፈትቶ አንድ ግማሽ መዳፉ ላይ አኖረ። ሀብትነሽ ከደምለው ኪስ ያገኘችውን አንድ ግማሽ አጠገቡ አደረገች። ጠርዙ ገጠመ።

«ታዲያ ገዳዩ ማነው?» አለ ዋኘው።

ሀብትነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «በሽተኛ የሚያባርር ሰው የሚከሰስበት ሕግ ቢኖረኝ ኖሮ፣ አቶ ዋኘው፣ ዛሬ ባዶ እጄን አልመለስም ነበር።»

የአይናለምን ገመድ ፈትታ፣ ስንሻውን ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው መኪናው ውስጥ አስገባችው።

«እዚያ ሙሉውን ይሰጡኛል?»

«ሙሉውን። በየቀኑ ትውጣለህ።»

ስንሻው መዳፉን ዘርግቶ የገጠሙትን ሁለት ግማሾች አየ።

«ብቻዬን?» አለ።