ቁርሱን ያልበላው ቴስተር

ጮሌ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ምላሷም እግሯም ፈጣን ስለሆነ ግቢው ሁሉ ጮሌ እያለ ነው የሚጠራት። የምትኖረው ከአባቷና ከእናቷ ጋር ነው፤ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ ከጋራው ማእድ ቤት አጠገብ ባለችው ክፍል። አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የተቃጠለ ሶኬት ይቀይራል። አልበራ ያለ መብራት ያበራል። ሰው ሁሉ "በቃ ይጣል" ያለውን ምድጃ ፈታትቶ እንደገና ያግለዋል።

አባቷ ሥራ ሲይዝ ጮሌ ከጎኑ አትጠፋም። ካቻቢቴ ሲላት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲላት ፒንሳ ታቀብለዋለች። አንድ ዕቃ ብቻ ያለ ፈቃዱ እንዳትነካ ተከልክላለች። እሱም ቴስተሩ ነው።

ልጆች፣ ቴስተር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቆይ ላስረዳችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ቴስተር ሲያዩት ትንሽ ካቻቢቴ ይመስላል። እጀታው እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። እዚያ ውስጥ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ መብራት አለች። ሠራተኛው ጫፉን ሽቦው ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ከእጀታው ጀርባ ሲያሳርፍ፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ካለ ያቺ መብራት ትቀላለች። ከሌለ ዝም ትላለች። (እናንተ እንዳትሞክሩት! የትልቅ ሰው ሥራ ነው።)

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ቴስተሩ ዝም ሲል ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሽቦው ባዶ ነው፤ ወይ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቷል። ሁለቱ ዝምታዎች ደግሞ ፍጹም አንድ ናቸው። በዓይን አይለዩም።

ስለዚህ የጮሌ አባት የማይስተው ልማድ ነበረው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቴስተሩን በደህና ወደሚሠራ ሶኬት ወስዶ ያበራዋል። ሲበራ ካየ በኋላ ብቻ ወደሚጠገነው ሽቦ ይሄዳል። ይህን "ቁርስ ማብላት" ይለዋል። ጮሌንም እያስጠነቀቀ አስተምሯት ነበር።

"ጮሌ፣ ቴስተሩ ቁርሱን በላ?"

"በላ አባዬ! ጠግቦ አገሳ!"

ሁለቱም ይስቃሉ፤ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

አንድ ቀን አባቷም እናቷም በሌሉበት የግቢው ልጆች በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ።

"አንቺ እኮ አቀባይ ነሽ እንጂ ሠራተኛ አይደለሽም" አላት አንዱ።

"ቴስተር ይዤ ባሳይህስ?"

"አባትሽ ጆሮሽን ሲጎትትልሽ ነው የምናየው!"

ጮሌ ደሟ ፈላ። ሮጣ ገባችና ከመሣሪያው ሳጥን ቴስተሩን አውጥታ መጣች። ወደ ላይ እየወረወረች ትቀልበው ጀመር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባ ሲበዛ ከፍ አድርጋ ወረወረችው። ቴስተሩም ከጣቷ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

አንስታ ስታራግፈው ውስጡ ሽክሽክ አለ። ያቺ ትንሽ መብራት ተሰብራለች። እጀታው ግን ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ጮሌ ከፒንሳው ሥር ወሸቀችው። "ማታ እነግረዋለሁ" አለች። ማታ አባቷ ደክሞት ገባ። "ጠዋት እነግረዋለሁ" አለች።

ጠዋት አከራዩ መጣ። "የማእድ ቤቱ መብራት እምቢ ብሏል፤ እስቲ እየው" አለ። አባቷ መሰላሉን አቁሞ ወጣ።

"ጮሌ፣ የማእድ ቤቱን ብሬከር አጥፊው!"

ብሬከር ማለት፣ ልጆች፣ የአንድን ክፍል መብራት ባንዴ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ነው። የግቢው ብሬከሮች ሁሉ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ጮሌ አጠፋችው።

"ጠፍቷል አባዬ!"

"ጎበዝ! በይ ቴስተሩን ቁርሱን አብልተሽ አምጪልኝ።"

ጮሌ ቴስተሩን ይዛ ከበረንዳው ሶኬት ፊት ቆመች። ቢነካም እንደማይበራ ታውቃለች። "ተሰብሯል" ብትል "ማን ሰበረው?" ይመጣል። ደግሞ አሰበች፤ ብሬከሩን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ፤ ሽቦው ውስጥ ምንም የለም፤ ቴስተሩ ቢበራስ ባይበራስ ምን ይለወጣል?

አያችሁ ልጆች፣ ሐሳቧ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። እኔም ብሆን እንደዚያ ላስብ እችል ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ተመልሳ ቴስተሩን አቀበለችው።

"በላ?"

"በላ አባዬ።"

"ምነው ዛሬ አላገሳም?" ብሎ ሳቀ። ጮሌ መሬት መሬት አየች።

አባቷ ቴስተሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። አልበራም። "ባዶ ነው" አለና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሽቦውን በባዶ እጁ ያዘ።

አልጮኸም። "እህ" ብቻ አለ፤ ልክ ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው። መሰላሉ ተንገዳገደ፤ አባቷም ከነመሰላሉ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ኪሱ ውስጥ የነበረው ቴስተር ከሥሩ ተሰባበረ። አከራዩ ሮጦ የግቢውን ብሬከር በሙሉ አጠፋ።

ምን ተፈጠረ? ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ሰነፍ ሠራተኛ የማእድ ቤቱን መብራት የቀጠለው ከጎረቤት ክፍል መስመር ላይ ነበር። ስለዚህ የማእድ ቤቱ ብሬከር ቢጠፋም ያ ሽቦ አልሞተም። ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ቴስተር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ እርግጠኛ ነን ስንል ተሳስታችኋል እንዲለን።

ያ የጎረቤት ክፍል የእትዬ ካውያ ነበር። ልብስ ተኩሳ ነው የምታድረው፤ ስሙንም ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ከማንም ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። የጮሌን አባት ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ "አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ" እያለች አብራ ሆስፒታል ሄደች።

አባቷ ሲነቃ የተናገረው ነገር ግን ሁሉን ለወጠው። "ስፈትሸው ባዶ ነበር። ኤሌክትሪኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ መጣ ማለት አንድ ሰው ብሬከሩን መልሶ አበራ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በረንዳው ላይ ማን ነበር? እትዬ ካውያ አንሶላ ልታራግፍ ወጥታ ነበር።

"ካውያሽ እንዳይበርድብሽ ብለሽ ባሌን ጣልሽው!" አለች የጮሌ እናት፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

"እኔ? ኧረ በልጆቼ! የኔ መስመር ለብቻው ነው፤ የማእድ ቤቱ ብሬከር ምን ያደርግልኛል?"

"በኔ ግቢ ውስጥ ሽቦ አይሳሳትም" አለ አከራዩ ቆጣ ብሎ። "ሰው ነው የተሳሳተው።" ወደ ጮሌም ዞረ። "አንቺ አጥፍተሽው ነበር አይደል?"

"አጥፍቼው ነበር" አለች ጮሌ።

እውነቷን ነው። በዚያች እውነት ውስጥ ግን ትልቁን ውሸት ደበቀችው።

የአባቷ ክርን ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉ። ሐኪሙ "ነርቩ ተጎድቷል፤ እንጠብቅ" አለ። ጠበቁ። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካቻቢቴ ለመያዝ ይሞክራል። ይወድቃል። ጮሌ ታነሳለታለች። ይወድቃል። በመጨረሻ "ተይው፣ እዚያው ይሁን" አላት። በየጠዋቱ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እሷ ነበረች። እሱ ደግሞ ሌላ ሌላ ቦታ ያያል።

ደጃፋቸው የሚጠገን ዕቃ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። እናቷ መሳቅ ተወች። እትዬ ካውያ አንድ ሸሚዝ አመጣች፤ የታሰረው ክንድ እንዲገባበት እጅጌውን ተርትራ፣ ማሰሪያ ሰፍታለት፣ ተኩሳ አጣጥፋ። የጮሌ እናት አልተቀበለችም። ሸሚዙ ደጃፉ ላይ አድሮ ዝናብ መታው።

ጮሌ ማታ ማታ ትጸልያለች። "እግዚአብሔር ሆይ፣ የአባዬን እጅ አድንልኝ" ትላለች። የቀረውን ለመናገር አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። ጸሎቷ ሁልጊዜ ግማሽ ነበር። ግማሽ ጸሎት ጸልዮ የተኛ ሰው ደግሞ ዕረፍት የለውም፤ ጮሌም ዓይኗ ሥር ጠቆረ፤ ምላሷም ተሳሰረ።

ሰዎች ለእትዬ ካውያ ልብስ መስጠት አቆሙ። ሰላም የሚላትም ጠፋ። አከራዩም "ግቢዬን ልቀቂልኝ" አላት።

በወጣችበት ቀን ጋሪ ግቢው በር ላይ ቆመ። እትዬ ካውያ ብቻዋን ትጭናለች፤ ፍራሿን፣ ባልዲዋን፣ የመተኮሻ ጠረጴዛዋን። ማንም አላገዛትም። የጮሌ አባት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ጮሌ ከአጠገቡ ነበረች። አንድ ክፉ ሐሳብ ሹክ አላት፤ ጋሪው ይሂድ እንጂ ነገሩም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅሽም።

"እኔ አልረግማትም" አለ አባቷ ለራሱ እንደሚያወራ። "ብቻ አልገባኝም። በየቀኑ ሰላም የምንባባል ሰዎች ነበርን። ለምን አበራችው?"

ጮሌ ወደ አባቷ ዞረች።

"አላበሩም፣ አባዬ።"

"ምን?"

"እትዬ አላበሩም። ማንም አላበራም። ሽቦው መጀመሪያም ባዶ አልነበረም። ቴስተሩ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የሰበርኩት፤ ስጫወትበት።"

አባቷ ዞሮ አያት።

"ቁርሱን በላ ወይ ብዬሽ ነበር።"

"አዎ።"

"በላ አልሽኝ።"

"አዎ፣ አባዬ።"

ቢመታት ይሻላት ነበር። አልመታትም። "ብትነግሪኝ ኖሮ ከመሰላሉ ወርጄ ሌላ ቴስተር እዋስ ነበር" አለ። "ያ ብቻ ነበር እኮ፣ ልጄ። ያ ብቻ።" ከዚያም ደህናውን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ጮሌ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

እናቷ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ በባዶ እግሯ ወጥታ ወደ ጋሪው ሮጠች። እትዬ ካውያ እግር ሥር ተደፋች። "በድዬሻለሁ! ይቅር በይኝ እህቴ፣ አትሂጂ!" አለች። አከራዩ ግን አንገቱን አቀረቀረ። "ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ይገባል" አለ።

"ተነሺ" አላት አባቷ ጮሌን። "በየበሩ ሂጂና ተናገሪ። ስሟን በየበሩ ነው ያጠፋነው።"

ጮሌ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። "እትዬ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዋሽቼ ነው" አለች። ቀጣዩን በር አንኳኳች። አንዳንዱ "ኧረ ውይ!" አለ፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋባት። የመጨረሻውን በር ጨርሳ ወደ ጋሪው ሮጠች።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ካውያ ገመዱን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ አየቻት።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "ለአባትሽም ጣቱን ይመልስለት። ግን አትከተይኝ፣ ልጄ። ዛሬ ሳይሽ ያመኛል።"

ጋሪውን ገፋች። የጮሌ እናት እያለቀሰች ከኋላ ትገፋላት ጀመር፤ እትዬ ካውያም አልከለከለቻትም። ጮሌ በሩ ላይ ቀረች።

ልጆች፣ "እጁስ ዳነ?" ልትሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አልዳነም። ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይጨብጥም። እኔም ዳነ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ያን ዕለት ማታ ግን ጮሌ ተንበርክካ ጸሎቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጸለየች፤ አባቷም በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን አለበሳት።

የሰበራችሁትን ትንሽ ነገር ዛሬውኑ ተናገሩ፤ የተደበቀ ጥፋት የሚጎዳው የደበቀውን ብቻ ሳይሆን ምንም ያላጠፋውንም ሰው ነውና።