ሥርጉት የጠበቀችው ቃል

ኤልሳዕ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሥርጉትን ወላጆች ለመተዋወቅ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ሥርጉት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ብድግ እያለች ረፈደባት። አባቷ ጡረተኛው ወታደር አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እናቷ ወይዘሮ በለጡ ከወጥ ቤት ሳሎን እየተመላለሱ ጠበቁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ «ይቅርታ። ዛሬም አልቻልኩም።»

ስትደውልለት አላነሳም።

«ይኸው ሲቀር ሦስተኛው ነው፤» አሉ አባቷ ከረባታቸውን እየፈቱ። «ልጄ፣ ሰው የሚሸሸው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው።»



ሥርጉት ተወልዳ ያደገችው ሐረር ነው። አዲስ አበባ የንግግር ሕክምና ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከጥንቱ የጀጎል ግንብ ውጭ ባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶችና ጀጎል ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት እየተዘዋወረች የሚንተባተቡትን፣ ድምፅ የሚያምታቱትን፣ ቤታቸው ሲያወሩ ውለው ክፍል ሲገቡ ዝም የሚሉትን ሕፃናት ትረዳለች። ሥራዋ የገባው ሰው ጥቂት ነው፤ «መርፌ የለውም ወይ?» የሚሏት ወላጆች አሉ። ጀጎል ውስጥ የሰጧት ክፍልም የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ነበር። እነዚያን ወንበሮች አንድ በአንድ ተሸክሞ ያወጣላት ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው የጂኦግራፊ መምህር ኤልሳዕ ነው።

ትንሽ ያወራል፣ ብዙ ያዳምጣል። ሲያያት ከአፉ ይልቅ ዓይኑ ቀድሞ ይስቃል። ከሥራ በኋላ በጠባቡ መንገድ ከግንቡ በሮች አንዱ እስከሆነው ኤረር በር አብረው መውረድ ለመዱ፤ ለውዝ እየፈለፈሉ፣ አንዳንዴም አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ። ያ ዝምታ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን አስፈራት። ደብረ ብርሃን ሚስት ትኖረው ይሆን? ወይስ ሐሳቡን ለውጦ መናገር አቅቶት ነው? ሰኞ ትምህርት ቤት ሲያያት መንገዱን ቀይሮ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ቡሽራ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ወደ እሷ ተላከች። አስተማሪዋ «የነገሮችን ስም አታውቅም» ብላታለች። ሥርጉት የፍየል ሥዕል አሳየቻት።

«ይህ ምንድን ነው ቡሽራ?»

«በግ።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ፍየል መሆኑን አውቃለሁ ቲቸር። ግን እሱን ልል ስል አፌን ይይዘኛል። በግ ስል አይዘኝም።»

ሥርጉት ሥዕሉን እንደያዘች ኤልሳዕ ትዝ አላት። ኤልሳዕ ስልክ አንስቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ መልእክት ነው። ለውዝ ሻጯ ሸምሲያ ዘንድ ለውዝ ሲገዛ በጣቱ ያሳያል እንጂ አይጠይቅም። አንዱን ወሬ ጀምሮ በሌላ ይጨርሳል። እሷንም «አንቺ ሰው» ይላታል እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ እሷ ግን ቁልምጫ ይመስላት ነበር። የሰው ንግግር ማዳመጥ እንጀራዋ ሆኖ ሳለ፣ የምትወደው ሰው ስንት ቃል እየዘለለ እንደኖረ አልሰማችም!

እፎይ ያለችው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከማንም በላይ የደበቀው ከእሷ ነውና፣ አወቅሁ ብትለው እንደ ሐኪም የምታየው ይመስለዋል። ዝም ብትል ደግሞ ያመልጣታል።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ካርታ ሲጠቀልል አገኘችው።

«የፈራኸው አባቴን ነው ወይስ ስምህን መናገር?»

እጁ ካርታው ላይ ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ከተማሪዎቹ አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። «አራተኛ ክፍል ሆኜ ጮክ ብለህ አንብብ ስባል ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪውን ቃል ከሩቅ እያየሁ መሸሽ ተማርኩ። ስም ግን... ምትክ የለውም። አባትሽ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከልጆቹ እንደ አንዱ እንዳታዪኝ።»

«እኔ እኮ ሚስት አለችው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ!»

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሥ... ሥ...» ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ጅማት ተገተረ። ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «ሥርጉት።»

«አቤት፤» አለችው። «ለአባዬ አስቀድሜ ልንገረው?»

«አይሆንም። ራሴ እናገራለሁ። አንቺም አትርጂኝ።»

በሳምንቱ እሑድ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከወንበራቸው ሳይነሱ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሦስት ጊዜ ያስጠበቅኸን አንተ ነህ? ስምህ ማን ይባላል?»

«ኤ...»

ድምፁ ተቆረጠ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የአባቷ ግንባር ተቋጠረ። የስሙ ፊደል ሁሉ በሥርጉት ምላስ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዴ ብትጠራው ከጭንቁ ይገላገላል። ወላጆችን ሁሉ «ቃሉን አትጨርሱላቸው፣ ጠብቁ» ብላ ስትመክር ኖራለች። መጠበቅ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አታውቅም ነበር። እናቷ አዝነውለት፣ «ኤልያስ ነው መሰለኝ...» ሲሉ ክንዳቸውን ጨብጣ ዝም አሰኘቻቸው።

«ኤ... ኤ...» ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን አልሸሸም። «ኤልሳዕ እባላለሁ። እ... እንዲህ ነው የምናገረው። ሦስት ጊዜ የቀረሁትም በዚህ አፍሬ ነው። ል... ልጅዎን ለማግባት ነው የመጣሁት።»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከወንበራቸው ተነሡ። ሌላ ወንበርም ሳቡለት።

«ተቀመጥ፣ ኤልሳዕ። አሁን ደግሞ የአባትህን ስም ንገረኝ። ቀስ ብለህ፤ ምሳ ገና ነው።»

የአባቱን ስም እስኪናገር ሁለት ጊዜ ቆመ። ማንም አላቋረጠውም። ከምሳ በኋላም አባቷ ፈቅደው የሠርጉ ቀን ለጥር ተቆረጠ።