በረዶ መሃል የተኛው መምህር

ኢንስፔክተር ኢድሪስ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ቤት ሲደርስ፣ መምህር አምሐን ሞቶ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ በበረዶ ተቀብሮ አገኘው። ጭንቅላቱም በበረዶ ከረጢት ተከቧል። ጉድ እኮ ነው! ፖሊስ የጠራው የደነገጠ ጎረቤት ነው።

አምሐ አንጎሉ ላይ ዕጢ ነበረበት። መድኃኒት ሲገኝ ለማስነሳት አስከሬኑን አቀዝቅዞ ከሚያቆይ የውጭ ድርጅት ጋር ተዋውሎ፣ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ገና በመንገድ ላይ ነበር። ሐኪሙ ግን «ክረምቱን ያልፋል» ብሎ ነበር። ማታ ሙሉ የነበረው የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ ደግሞ ባዶውን መደርደሪያው ላይ ቆሟል።

በረዶውን የሞላው ወንድሙ ደምሰው ነው። ጠዋት ሞቶ እንዳገኘው ተናገረና ለመነ።

«ኢንስፔክተር፣ ምርመራው ይቅርብን። ጭንቅላቱን ከከፈቱት አለቀለት። የለፋው ሁሉ ለአንጎሉ ነው።»

«ሕመምተኛው ሲጠይቅ ሐኪም እንዲገላግለው የሚፈቅዱ አገሮች አሉ» አለ ኢድሪስ። «እኛ ጋ ግን ለምኖህም ብትገድለው ገዳይ ነህ።»

አስታማሚዋ ነርስ ፌኔት ጠርሙሱን ሙሉ ትታ እንደወጣች ማለች። ሚስቱ ወይዘሮ አፀደ፣ ባሏ አቦ እንዲቀበር እንጂ እንደ ሥጋ ፍሪጅ እንዲገባ ፈልጋ አታውቅም፤ በዚህ ሲጣሉ ነው የከረሙት። ሦስቱም ሞቱን «ድንገት ነው» አሉ።

በመሃል የነፍስ አባቱ ለልቅሶ መጡ። ትናንት አናዘውት እንደነበር ተናግረው ፈጣሪን አመሰገኑ። ኢድሪስ በር ድረስ ሸኛቸውና ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ከዚያ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበ።

«ደምሰው ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ እስኪደርስ ይታገስ ነበር። ፌኔት ብትሆን ጠርሙሱን ይዛው ትወጣ ነበር፤ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። አምሐ ታሞ እንኳ ቄስ አላስገባም ብሎ እንደነበር ነፍስ አባቱ በር ላይ ነግረውኛል። ትናንት ግን ነፍስ አባቱ ‹ነገ አይደርሱበትም፣ ዛሬውኑ ይምጡ› ተባሉ። ድንገት የሚሞትን ሰው ቀኑን ማን ያውቃል? የደወሉት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ አፀደ።»

አፀደ አልካደችም።

«እሁድ ‹እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?› አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ትንሽ መለስ ሲልለት ‹አፀደ፣ ጨርሼ ሳልጠፋ ገላግይኝ› ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔ በረዶውን አላምንበትም። ግን ምናልባት ቢነሳ፣ ስሜን ይዞ ይነሳ ብዬ ነው። ካልተነሳም ብዬ ቄሱን ጠራሁለት።» እጆቿን ዘረጋች። «ይኸው አምኛለሁ፣ ውሰዱኝ። ጭንቅላቱን ግን አትንኩብኝ።»

ኢድሪስ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። እሱ ዝም ቢል ኖሮ የአምሐ ጭንቅላት ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር።

«ቃልዎ ብቻውን አይበቃም። አስከሬኑም መመርመር አለበት፤ መኪናው እየመጣ ነው።»

አፀደ ያን ጊዜ አለቀሰች። ደምሰው ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባና የቀለጠውን ውሃ እየቀዳ ይደፋ፣ አዲስ በረዶ ይጨምር ጀመር።

«መኪናው እስኪመጣ ልርዳው?» አለች አፀደ።

ኢድሪስ ፈቀደላት። ገብታ ተንበረከከችና የበረዶውን ከረጢት በባሏ ጭንቅላት ዙሪያ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው።