ሰፈሩን የለቀቀ

ጋሽ እምሩ በማለዳ የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በድንኳን ብረት ክምር ሥር ተደፍተው ተገኙ። ፒያሳ ውስጥ ከቀሩት አሮጌ ግቢዎች የአንዱ ነዋሪ፣ የግቢውም ዕድር ዳኛ ነበሩ። ከግቢው ቁልቁል በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ይታያል፤ እዚያ የነበረው ገበያ ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። ግቢውም ሊፈርስ ተራውን ይጠብቃል።

«ብረቱ ተንዶባቸው ነው» አለ ረዳቱ ሲሞን።

ኢንስፔክተር ዓለምጸሃይ አጎንብሳ አየች። ከብረቶቹ ደም የነካው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉም በላይ ተቀምጧል።

«የመታቸው ብረት መጀመሪያ መውደቅ ነበረበት። ይኼ ግን መጨረሻ ነው የተጨመረው። ሰው ነው የከመረው፣ ሲሞን። ቁልፉም በሩ ላይ ነው፤ ለሚያውቁት ሰው ከፍተውለታል።»

የሟች ልጅ ሜላት መምህርት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ግቢው ሊፈርስ ነው፣ እኔ ጋ ና ስለው፣ ‹ዕድሩን ለማን ጥዬ?› አለኝ።»

«ሌላ የተቀየማቸው ሰው አለ?»

ሜላት አመነታች። «ካሳዬ። እዚሁ ግቢ ነበር የሚኖረው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት በወጣ በወሩ ሚስቱ አስካለ ሞተች። አባዬ ዕድሩ እንዳይደርስላት ከለከለ። ‹ዕድሩ የሰፈሩ ነው፤ ሰፈሩን የለቀቀ ዕድሩን ለቋል› ብሎ።»

ካሳዬ የቲማቲም ነጋዴ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ።

«ከንጋት ጀምሮ አትክልት ተራ ነበርኩ፤ ጭነት ሳራግፍ። መርዶውን እዚያው ሰማሁ።»

የዕድሩ ጸሐፊ ሙሄ ግቢው በር ላይ ሱቅ አለው። ሲሞን ጠይቆት እየተጣደፈ መጣ።

«ሙሄም ጠዋት አትክልት ተራ አይቶታል። በቃ፣ ካሳዬ ነጻ ነው። ገበያው ያለበት ኃይሌ ጋርመንት የት፣ ፒያሳ የት!»

ዓለምጸሃይ ወደ ሱቁ ሄዳ ሙሄን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «አቶ ሙሄ፣ ከአትክልት ተራ ምን ገዝተው መጡ?» ሙሄ ግራ ገብቶት አያት።

በማግሥቱ የለቅሶው ድንኳን ሰው ሞልቶት ሳለ ከመሐል ቆመች።

«ጋሽ እምሩን የገደላቸው ሰው እዚህ ተቀምጧል» አለች። «ሜላትን ጠረጠርኩ። የትምህርት ቤቷ ሰርቪስ ግን እሳቸው በተገደሉበት የንጋት ሰዓት ከቤቷ ደጅ አንሥቷታል። አቶ ካሳዬ አትክልት ተራ ነበርኩ አሉኝ፤ አቶ ሙሄም እዚያ አይቻቸዋለሁ አሉ። የሁለቱ ቃል የገጠመ መስሎ ነበር። ግን አትክልት ተራ ሁለት ነው። ነጋዴው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ ስሙን ይዞት ሄደ፤ የቀረው ሰው ደግሞ ስሙን አልለቀቀም፣ ባዶውን መሬት ዛሬም አትክልት ተራ ይለዋል። አቶ ሙሄ አዲሱን ገበያ ረግጠውት አያውቁም፤ ምን ገዝተው መጡ ስላቸው ግራ የተጋቡት ባዶ መሬት ላይ የሚገዛ ነገር ስለሌለ ነው። ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ አቶ ካሳዬን ያዩት እዚሁ፣ ከግቢው ሥር፣ ቆርቆሮው አጥር ጥግ ነው።»

ሙሄ ራሱን ያዘ። «ወላሂ፣ ልከሰው ብዬ አይደለም!»

ካሳዬ አልካደም።

«የአስካለ ሙት ዓመት ደርሶ ድንኳን አውሰኝ ልል መጣሁ። ስትሞት ጎረቤቶቼ ስሟን እንኳ አያውቁም ነበር። ከሾፌሩ ጋር አራት ሆነን ቀበርናት። ለሙት ዓመቷ እንኳ ሰው ይቀመጥላት ብዬ ለመንኩት። በሩን ከፍቶ ድንኳኑን አሳየኝ። ‹አየኸው? ይህ ለሰፈሩ ሰው ነው› አለኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ምን እንዳደረገ…»

«ታዲያ አባቴን?» አለች ሜላት። «ልጅ ሆነህ ያሳደገህን ሰው?»

«እሱን ነው እኮ የለመንኩት። ሌላማ ማን አለኝ?»

ዓለምጸሃይ ካቴና አጥልቃለት ክንዱን ይዛ አስነሣችው። በአግዳሚዎቹ መሐል ሲያልፉ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሙሄ ብቻ ብድግ ብሎ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ካሳዬ… ስለ አስካለ፣ አላህ ያጽናህ።»

ካሳዬ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ቁልቁል አየ።

«ዘገየህ» አለውና አልፎት ሄደ።