ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ

ቪዲዮው አምስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ይረዝም ነበር። የተሠራው ተዋናይዋ ፊልም ለሚሠሩ ሰዎች ችሎታዋን እንድታሳይበትና ሥራ እንድታገኝበት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ለሃያ ሁለት ቢሮዎች ተልኳል። «ደርሶናል» ያለው አንድ ቢሮ ብቻ ነው፤ ለኦዲሽን ጠርቶ ትወናዋን የፈተነ ግን አንድም የለም።

ያቀናበረው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሙያው ሰርግ መቅረጽ ነው። አባታቸው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጨርቁ ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ሲያልፍ አንዲት የተበጠሰች ክር ካዩ ማሽኑን ያስቆማሉ። ባልደረቦቻቸው «አጉሊው» የሚሏቸው በዚህ ነበር። ጡረታ ወጥተውም ሴኮንድ መቁጠሪያቸው ከኪሳቸው አልወጣም፤ እንቁላል እንኳ የሚቀቅሉት በእሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በቃኝ። ሰኞ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል እገባለሁ። ትወናውን ትቼዋለሁ።»

«ምን ነካሽ እናቴ! ቪዲዮሽ እኮ ግሩም ነው።»

«የቱ ጋ ነው ግሩሙ?»

አባት ወደ ኋላ መለስ ብለው አሰቡ። ቪዲዮው ቤት ውስጥ የታየ ዕለት ስሟ በእሳት ነበልባል ተጽፎ ሲሽከረከር ገና እንባቸው ቀደማቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ፣ ደግሞ ሲያለቅሱ፣ ደግሞ ሲጠርጉ አለቀ። ከዚያ «ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። የባዕድ ጨርቅ ሳያዩ አሳልፈው የማያውቁት ሰው የልጃቸውን ሥራ ሳያዩ አሳልፈውት ኖሯል።

«እስኪ አምጪው» አሉ።

መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ወረቀት አሰመሩ። ሦስት ጊዜ አዩት። ወንድሟ ከሥራ ሲገባ አስቀምጠው አነበቡለት።

«በእሳት የተጻፈ ስም፣ አርባ አምስት ሴኮንድ። ከአየር ላይ የተቀረጸ ወንዝና ሰማይ፣ ሠላሳ። በጽጌረዳ ያጌጠ ፎቶ፣ አርባ። ከእህትህ ጋር የሚተውነው ታዋቂ ተዋናይ ፊት፣ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። የእህትህ ማጅራት፣ አንድ ደቂቃ ከሦስት።» ቀና አሉ። «የእህትህ ፊት፣ ሃምሳ ሁለት። ከዚያ ውስጥ ስትናገር የምትሰማው አሥራ ዘጠኝ። የቀረው ሙዚቃ ነው።»

«አባዬ ደግሞ!» አለ ወንድሟ። «ባዶውን ማን ያየዋል? ማማር አለበት እንጂ። ከታዋቂ ሰው ጋር መታየቷም እኮ ክብር ነው።»

«እሱማ ክብር ነው። ሃያ ሁለቱም አይተው እሱን ቀጥረውት ይሆናል።»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እጅህ የተባረከ ነው። ሰርግ ላይ ግን ሙሽራዋን ሁሉም ያውቃታል፤ አበባውን ብታሳይ ማንም አይቀየምህም። እህትህን የሚያዩዋት ሰዎች አያውቋትም። መጀመሪያ እሷን ይዩዋት።»

ወንድሟ ወረቀቱን ተቀብሎ ደመረው። ልክ ነው። «እኔ እኮ እንድትደምቅልኝ ብዬ ነው» አለ አቀርቅሮ።

«ስድስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?» አለች ልጅቱ። አሁን አትስቅም።

«አላየሁትማ። ስለምወድሽ ብቻ ግሩም ነው አልኩሽ። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አየው ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሥዕሉም ሰዓቱም ወረደ። ማቀዝቀዣው እንዳይጮህ ተነቀለ። አባት በመስኮቱ ትይዩ ቆመው፣ ብርሃኑ ወደ ፊቷ እንዲመለስ ነጭ አንሶላ ዘርግተው ያዙ። ልጅቱ በመጀመሪያ ጎረቤቷን የምትነዘንዝ ሴት ሆና አሳቀቻቸው። ቀጥላ ለአባቷ «በቃኝ» የምትል ልጅ ሆነች።

«አባዬ፣ ብርሃኑ እየተንቀጠቀጠ ነው!» አለ ወንድሟ ከካሜራው ጀርባ።

«አንሶላው ከብዶኝ ነው!»

ማቀዝቀዣው መነቀሉ ትዝ ያላቸው ከምሳ በኋላ፣ ወተቱ ከተበላሸ ወዲያ ነው። አዲሱ ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ሆነ። ስምና ስልክ ቁጥር በነጭ ፊደል ሦስት ሴኮንድ ይታያሉ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ያለው የእሷ ፊት ነው። ወንድሟ ለአንዲት ጽጌረዳ ብቻ ቢለምንም አልተፈቀደለትም።

በቤታችሁ የሚተውን፣ የሚዘፍን ወይም የሚጽፍ ልጅ ካለ «ጎሽ» ማለታችሁ መልካም ነው፤ ግን አይታችሁ በሉት። ባዕድ ሰው ጉድለቱን አይነግረውም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የቤት ሰውም ሳያይ ካሞገሰው፣ ልጁ የዝምታውን ምክንያት ከማን ይሰማል? ሳያዩ ማሞገስ ፍቅር ይመስላል እንጂ ልጁን ብቻውን መተው ነው።

ልጅቱ ሰኞ ክሊኒኩ ገባች፤ ቪዲዮውንም ለእነዚያው ሃያ ሁለት ቢሮዎች ላከች። በአምስት ሳምንት ውስጥ ስድስቱ መለሱላት፣ ሁለቱ ለኦዲሽን ጠሯት፣ አንዱ የጎረቤት ሚና ሰጣት። በተጠናቀቀው ፊልም ውስጥ ፊቷ የሚታየው ለሁለት ደቂቃ ከስድስት ሴኮንድ ነው። አባቷ ሁለት ጊዜ ለክተውታል።