የኩምሳ ግማሽ ገጽ

በአፋፍ ከተማ ልጅ ሲመረቅ ሲቪው አጥር ይዞራል። ወጉ ነው። የተመራቂው ሲቪ በረጅም ጥብጣብ ወረቀት ላይ ይታተምና በግቢው ዙሪያ ይታሰራል፤ ዘመድ አዝማድ እየተከተለ ያነባል፣ ጎረቤት ደግሞ በክንዱ ይለካል። ዙሩ ካልገጠመ እናት አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ሁለቴ ከዞረማ እልልታው አይጣል ነው! ጸሐፊዋ ከታቢ ናት፤ ልጅ አንደኛ ክፍል በገባ ዕለት ከጆሮው ኋላ የምትቀበር፣ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ። ባለቤቷ የሚሰማውን ሁሉ ታስቀምጣለች፤ በየዓመቱ ጳጉሜን የልጁን ገድል ለቤተሰቡ ታነብባለች፤ ሲመረቅም ሲቪውን ጽፋ ታስረክባለች።

ፈትለወርቅ ለከተማው የነፍስ አድን ጓድ ሠራተኛ የምትቀጥር ሴት ናት። ሥራዋ እነዚያን ጥብጣቦች ለመዛኝ ማጉረስ ነው። መዛኝ የሚሏት ሲቪ አንብባ ነጥብ የምትሰጥ፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራች ማሽን ናት። ባለፈው ክረምት መዛኝ ያመሰገነችው አንድ ባለ ረጅም ሲቪ ጎረምሳ እሳት ሲያይ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ቤት ውስጥ የቀረው ሰውዬ አመድ ሆነ። ፈትለወርቅ ከዚያ ወዲህ ማሽንም ሰውም አታምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው አፏን የምትፈታበት።

እንግዲህ አንድ ቀን መዛኝ ታነቀች። ቀይ መብራቷን አብርታ «ጽሑፉ ተቆርጧል፣ ቀሪው ይምጣ» ትላለች። ፈትለወርቅ ብታወጣው ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፤ ስሙ ኩምሳ ይባላል፣ ዘንድሮ የተመረቀ። ውጭ ተቀምጦ ኖሮ አስጠራችው።

«ቀሪው የታለ?» አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰው።

«ይኸው ነው፣ ወይዘሮ ፈትለወርቅ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ተምረህ ግማሽ ገጽ? ታስረህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በስማም! አልታሰርኩም።»

«ታዲያ ምን ደብቀህ ነው?»

«የማላስታውሰውን ብቻ ነው የሰረዝኩት» አለ ኩምሳ። «ከታቢ የጻፈችው አጥራችንን ሁለቴ ይዞር ነበር። ሳነበው ግማሹን አላውቀውም። በብዙ ሰው ፊት ንግግር አደረገ ይላል፤ እኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። እናቴ እንደሆነች እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ጎረቤት ሳቀባት።»

አላመነችውም። ይሄ ብልጣብልጥ፣ አለች በሆዷ፣ ከረጃጅሞቹ መሃል እንዲታይ ብሎ ነው ያሳጠረው። የቆረጠ ሰው ደግሞ የቆረጠው ነገር አለ። አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሌባ ስንት አይታለች! ወረቀቱን እንደ ሐሰተኛ ብር ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አነበበችው። ዋና ይችላል። ገመድ መቋጠር ያውቃል። የታመመ አባቱን አስታሟል። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ደሟ ፈላ።

«የላይኛው የውኃ ግድብ በተሰነጠቀበት ቀን አንዲት አሮጊት ከጎርፍ አወጣ» ትላለች።

«አንተ! ይህን ከየት ሰረቅኸው?»

«ምኑን?»

«አሮጊቷን ያወጣኋት እኔ ነኝ! በዚች መስመር ነው የተቀጠርኩት!»

ኩምሳ ክው አለ። «እርስዎ? እኔ እኮ አስታውሳለሁ። ያኔ ትንሽ ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። እጇን ስይዛት አሟለጨኝ። አንድ ጫማ ብቻ ነበር እግሯ ላይ።»

ፈትለወርቅ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። አንድ ጫማ። እሷም የምታስታውሰው ይህንኑ ነው፤ የእጇን ማሟለጭ ሳይቀር። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አውርታ አታውቅም። ከታቢዋን ጠልፎ ሰምቶ ይሆን? ወይስ ይህች መዛኝ ናት ተንኮለኛዋ? ወደ ማሽኗ ዞራ ይህች መስመር ያለችባቸውን ሲቪዎች በሙሉ እንድታወጣ አዘዘቻት። መዛኝም ታዛዥ ናትና ማውጣት ጀመረች። ጥብጣቡ ከአፏ እየወረደ ወለሉን ሞላው፣ የፈትለወርቅን እግር ሸፈነው፣ አሁንም ይወርዳል። በዚያ ቀን ግድቡ ሥር የነበረ ተማሪ ሁሉ አሮጊቷን አውጥቷል።

«ተበላሽታለች» አለ ኩምሳ ቀስ ብሎ።

«እናያለን።»

ከታቢ ከጽሑፉ በተጨማሪ የሰማችውን ድምፅ እንዳለ ታስቀምጣለች። ግን የሚያምር ጽሑፍ እያለ ጥሬ ድምፅ ማን ይሰማል? ፈትለወርቅም ሰምታው አታውቅም። «ፍቀድልኝ» አለችው፤ ፈቀደ። የዚያን ቀን ድምፅ ከፈተችው።

ውኃው ይጮኻል። አንዲት አሮጊት «የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ!» ትላለች። ዙሪያውን ሰው ይንጫጫል። ከዚያ ትንሽ ልጅ፣ በግልጽ፣ «አንድ ጫማዋን ወሰደው፣ አያችሁ?» አለ። ኩምሳ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ፈትለወርቅ ማቆም ትችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ የራሷንም ከፈተች። ያው ውኃ፣ ያው ጩኸት ነው። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ የወጣትነቷ፦ «እኔ ዋና አልችልም! እናንተ ግቡ እንጂ! ኧረ አንድ ሰው ይግባ!» የገባ አልነበረም። ጩኸቱ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። የቀረው ውኃው ብቻ ነው።

ከታቢ የተሠራችው ባለቤቷን ለማስመስገን ነው፤ ቆሞ ማየት ደግሞ ሲቪ ላይ ስለማያምር ያየውን ሁሉ «አወጣ» ብላ ጻፈች። ልጆቹም በየጳጉሜው ሲነበብላቸው፣ እናት ስትስማቸው፣ ጎረቤት ሲመርቃቸው፣ ያልያዙት እጅ መዳፋቸው ላይ በቀለ። ፈትለወርቅ መዳፏን አየችው። አሁንም ያሟልጫታል። አለቀሰች።

ኩምሳ እስክሪብቶ አንስቶ መስመሯን ሰረዘ፤ ከሥሯም «ቆሜ አየሁ» ብሎ ጻፈ።

«እንግዲህ ልሂድ?»

«የት ትሄዳለህ? ነገ ጠዋት ሥራ ትገባለህ።»

«እንዴ፣ ምን አድርጌ?»

«ከዚህ ሁሉ ሰው እሷን ያላወጣት አንተ ብቻ ነህ።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለችና የራሷን ሲቪ አወጣች። መስመሩን ሰርዛ በምትኩ «ወይዘሮ» ብላ ጀመረችና ቆመች።

«ስሟ ማን ነበር?»

ኩምሳ አያውቅም። መዛኝን ጠየቀቻት። መዛኝ ያን ሁሉ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር አሰሰች፤ አሮጊቷን ካወጧት ሁሉ ስሟን የጻፈ አንድም አልነበረም።