ያልተነካው ማይክሮስኮፕ

በአሰበ ተፈሪ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ጠባቂ የነበረው ታደሰ ደግ ሰው ነው፤ ቁልፍ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ሁለት ማይክሮስኮፕና በእጅ እየተዘወረ አምፖል የሚያበራ ዲናሞ ሲመጣለት ተረከበ፣ ቁጥር ጻፈበት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። የሳይንስ መምህርቷ መይሙና ተማሪዎቹ በእጃቸው ይሞክሩት ብላ ብትለምነው መልሱ አንድ ነው።

«የሕዝብ ንብረት ነው። ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ታደሰ፣ ሕዝቡኮ እነዚህ ልጆች ናቸው» ብትለውም አልሰማም። አራት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ማይክሮስኮፕን የሚያውቁት በጠመኔ ተስሎ ነው። ጥበቃ ማለት ይኼ ከሆነ እንግዲህ!

በአምስተኛው ዓመት ወላጆች የተጋበዙበት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀና ርዕሰ መምህሩ ቁምሳጥኑን አስከፈተ። ጉድ ፈላ። የሁለቱም ማይክሮስኮፕ መስታወት ሻግቷል። አንደኛው ከብዙ ውልወላ በኋላ ዳነ፤ ሌላው ግን አልሆነም። የሰኔ የንብረት ቆጠራ ደርሷል፤ ታደሰ ማንም ያልነካውን ዕቃ ማን አበላሸው ይበል?

ኤግዚቢሽኑ ግን ሰርግ መሰለ። ከወላጆቹ አንዷ፣ ጫት ነጋዴዋ ወይዘሮ ኡሙልኸይር፣ ከታቀፈችው ጫት አንዲት ቅጠል ቀንጥሳ በዳነው ማይክሮስኮፕ አየችና ሳቋ ክፍሉን ሞላው።

«ወላሂ፣ ንጹሕ ነው እያልኩ ስምልበት የኖርኩት ጫት የትል መንደር ነው!»

ከዚያ ዲናሞውን ያዘች። አምፖሉ ቦግ ሲል ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሷም ባሰባትና ስታከርረው እጀታው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁሉም ወደ ታደሰ ዞረ።

ታደሰ አራት ዓመት የፈራው ነገር እነሆ ደረሰ። ልጆቹን አየ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ገና አልጠፋም። ልቡ ራራ፣ ሳቁም መጣ።

«አይዞሽ» አላት ኡሙልኸይርን፣ «ይኼስ እየሠራ ነው የተሰበረው።»

እጀታውን ይዞ ወደ ብየዳ ቤት ከነፈ። ሲመለስ ሰልፍ ይዞ እንደ ልጆቹ ተራውን ጠበቀና አምፖሉን በገዛ እጁ አበራ።

ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን የመጣ ዕቃ እጃቸው ካልገባ ገና አልመጣም። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ታደሰም ይመሰክራል። በዚያ ሰኔ በቆጠራው ቅጽ ላይ፣ የብልሽት ምክንያት በሚለው ቦታ፣ ለማይክሮስኮፑ «ቆልፌበት» ሲል ጻፈ፤ ለዲናሞው ደግሞ «ስንማርበት»።